የደነበረች በቅሎ

ደምበጫ ውስጥ፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርና የጎረቤታቸው ልጅ።

ልጁ፦ ጋሼ፣ በቅሎዬ ተምጫ ድልድይ ላይ አይሱዙ ጡሩንባ ከነፋባት ወዲህ ድልድዩን ስታይ ትገተራለች። ብገርፋትም ወይ ፍንክች!

መምህሩ፦ ጅራፉን ምን አመጣው? እሷ ድልድዩን ከክፉ ነገር ጋር አያይዛዋለች፤ አንተ ደግሞ እዚያው እየገረፍህ «ልክ ነሽ» ትላታለህ።

ልጁ፦ እንግዲያ በሌላ መንገድ ልንዳት?

መምህሩ፦ የባሰ ነው። ድልድዩን ካልቀረበችው፣ ክፉው እንደማይመጣ በምን ታውቃለች? አንጎል ፍርሃትን የሚተወው ይመጣል ያለው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ በመካከለኛው አንጎል ያሉ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፤ ያልጠበቁት ምግብ ሲገኝ የሚለቁትን ያንኑ። መከራ መቅረቱ ለአንጎል ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኖቤል ተሸላሚው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ያሉበት፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤም.አይ.ቲ. ቡድን ይህን በአይጦች አሳይቷል። ዶፓሚኑ አሚግዳላ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል የሚሄድበትን መስመር በብርሃን ሲያነቃቁት አይጦቹ ፍርሃቱን ቶሎ ተዉ፤ ሲያፍኑት ዘገዩ።

ልጁ፦ ሽልማቱን እኔ ብጨምርላትስ? አንድ እፍኝ ገብስ?

መምህሩ፦ ደረስህበት! ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1924 ይህንኑ ጽፋለች። ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ነበር። የሚወደውን እየበላ ጥንቸሉን ከሩቅ ታሳየዋለች፤ ካልተረበሸ በጥቂት በጥቂቱ ታቀርበዋለች። ኋላ ልጁ ጥንቸሉን ዳሰሰው። ነገር ግን መቸኮል አደጋ አለው፤ ያለ ጊዜው ካቀረብኸው ፍርሃቱ ወደ ምግቡ ይሻገራል። በቅሎህም ጆሮዋን ካቆመች ገብሱን አትስጣት፣ መልሳት፤ ከዚያ ራቅ ብለህ ጀምር።

ልጁ፦ ከለመደች በኋላ ፍርሃቱ ይጠፋል ማለት ነው?

መምህሩ፦ አይጠፋም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ እንዳየው፣ የተተወ ልማድ ጊዜ ሲያልፍ ተመልሶ ብቅ ይላል። አዲሱ ትምህርት አሮጌውን አይፍቀውም፤ ይጫነዋል እንጂ። ስለዚህ አዲሱ ትምህርት እንዲጠነክር በአንድ ድልድይ ብቻ አታልምዳት።

ልጁ፦ ሰውስ ጋሼ? እናቴ በር ሲንኳኳ ሁሉ ተኩስ ይመስላታል።

መምህሩ፦ ለሰውም ሐኪሞች የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው፤ የሚያስፈራውን በልኩ፣ ከሚታመን ሰው ጋር እየተጋፈጡ። ብቻዋን እንድትወጣው አታስገድዳት፤ ወደ ባለሙያ ውሰዳት። ተኩስ በእውነት በሚሰማበት ሰሞን ግን ፍርሃቷ በሽታ አይደለም፣ ልክ ናት። መጀመሪያ ተኩሱ ይቁም።