ገመዱ ከተሳበ በኋላ፦ በበረሃ ስንጥቅ ሸለቆዎች የመግቢያ ውሳኔና የደራሽ ጎርፍ አደጋ

አኅፅሮተ ጥናት

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ፣ በተለይም በዩታና በሰሜን አሪዞና፣ ጠባብና ጥልቅ የአለት ሸለቆዎች በርካታ ተጓዦችን ይስባሉ። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ2003 እና በ2015 በእነዚህ ሸለቆዎች የደረሱ ሦስት አደጋዎችን ያነጻጽራል። ዋና ነጥቡም የተጓዡን ደኅንነት በእጅጉ የሚወስነው በገመድ የመውረድ ችሎታው ሳይሆን የመጀመሪያው ገመድ ከመሳቡ በፊት የሚያደርገው ምዘና መሆኑ ነው። ምዘናው ከሸለቆው በላይ በሚታየው ሰማይ ላይ ሳይሆን ውሃውን በሚሰበስበው ተፋሰስ ላይ ማተኮር እንዳለበት ጽሑፉ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ስንጥቅ ሸለቆ፣ ደራሽ ጎርፍ፣ ተፋሰስ፣ በገመድ መውረድ፣ የአደጋ ምዘና

1. መግቢያ

በበረሃ ሸለቆ የሚደረግ የገመድ ጉዞ ከተራራ መውጣት በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። ተራራ የሚወጣ ሰው ቢደክመው ወይም አየሩ ቢለወጥበት በአብዛኛው በመጣበት መንገድ ሊመለስ ይችላል። ወደ ሸለቆ የሚገባ ሰው ግን ጉዞውን የሚጀምረው በመውረድ ነው። የወረደበትን ገመድ ስቦ ለቀጣዩ ገደል ይዞት ስለሚሄድ፣ የመጣበት መንገድ ከኋላው ይዘጋል።

ብዙዎቹ ጉዞዎች የዙር ቅርፅ አላቸው። ተጓዡ መኪናውን አምባው ላይ አቁሞ ወደ ሸለቆው ራስ በእግሩ ይሄዳል፤ በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ አንዳንዴ እየተሳበ፣ አንዳንዴ በገመድ እየተንጠለጠለ ይወርዳል፤ ከሸለቆው አፍ ወደ ሰፊ ደረቅ ወንዝ ይወጣል፤ በመጨረሻም በሌላ አቅጣጫ አምባውን ወጥቶ ወደ መኪናው ይመለሳል። በካርታ ላይ ሲታይ ጉዞው ክብ ስለሆነ ከየትኛውም ነጥብ መመለስ የሚቻል ይመስላል። በተግባር ግን ከመጀመሪያው የገመድ መውረጃ እስከ ሸለቆው አፍ ያለው ክፍል የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው።

ስለዚህ የጽሑፉ ጥያቄ ይህ ነው፦ መመለስ በማይቻልበት መንገድ ላይ ትክክለኛው የውሳኔ ቦታ የት ነው? ውሳኔውስ በምን መረጃ ላይ መመሥረት አለበት? ለዚህ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ የሸለቆዎቹ አፈጣጠርና የውሃው ባሕርይ፣ ቀጥሎ የገመዱ አሠራርና የደረጃ አሰጣጡ ወሰን፣ ከዚያም ሦስቱ አጋጣሚዎች ይቀርባሉ።

2. የሸለቆው አፈጣጠርና የውሃው ስሌት

በአካባቢው ካሉት ዝነኛ ስንጥቅ ሸለቆዎች ብዙዎቹ የተቀረጹት የናቫሆ የአሸዋ ድንጋይ በሚባለው አለት ውስጥ ነው። አለቱ በጁራሲክ ዘመን መጀመሪያ በሰፊ በረሃ ነፋስ ከከመረው አሸዋ የተፈጠረ ሲሆን፣ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ረጃጅም ስንጥቆች አሉት። የዝናብ ውሃ እነዚህን ስንጥቆች ተከትሎ ሲወርድ፣ የተሸከመው አሸዋና ጠጠር ወለሉን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ወለሉ ከግድግዳው ፈጥኖ ስለሚሸረሸር ሸለቆው ብዙም ሳይሰፋ ይጠልቃል። በመሆኑም በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ ከሰው ትከሻ የማይበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ቦይ ይፈጠራል።

ተጓዡ የሚያደንቀው ለስላሳና ሞገድ መሰል ግድግዳ የጎርፍ ሥራ ነው። ጎርፍ በዚያ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቦታው የተሠራበት መንገድ ነው። ከራስ በላይ ብዙ ሜትር ከፍታ ላይ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተቀርቅረው የሚታዩ ግንዶች፣ ያለፈ ጎርፍ እስከ የት ደርሶ እንደነበር የሚያሳዩ የተፈጥሮ መለኪያዎች ናቸው።

አካባቢው እ.ኤ.አ. ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ማለትም በእኛ ክረምት ገደማ፣ ከደቡብ የሚመጣ እርጥብ አየር ያገኛል። በዚህ ወቅት ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የነጎድጓድ ዝናብ ይጥላል። የዝናቡ ደመና ስፋት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ሸለቆ ሲጥለቀለቅ ጎረቤቱ ደረቅ ሆኖ ሊውል ይችላል። መሬቱ በአብዛኛው ገላጣ አለት ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ዕፅዋቱም ጥቂት በመሆኑ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በላይ ላይ ይፈስሳል።

የውሃውን መጠን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ተፋሰስ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 16,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ግማሹ ብቻ ወደ ሸለቆው ቢገባና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያልፍ፣ ፍሰቱ በሰከንድ 2.2 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ስንጥቅ ውስጥ በሰከንድ ሁለት ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ሰውን ከእግሩ ነቅሎ ለመውሰድ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ያው ውሃ በሩብ ሰዓት ተጠቃልሎ ቢመጣ ፍሰቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ ምሳሌ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ተራ የሚመስል ዝናብ በሰፊ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት የማያርስ ሆኖ ሳለ፣ በስንጥቅ ውስጥ ሲሰበሰብ ገዳይ ይሆናል።

3. የገመዱ አሠራርና የደረጃ አሰጣጡ ወሰን

በገመድ ለመውረድ በመጀመሪያ ጠንካራ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ማሰሪያው ዛፍ፣ በግድግዳዎቹ መካከል የተቀረቀረ ቋጥኝ ወይም በአለቱ ውስጥ የተተከለ ቡሎን ሊሆን ይችላል። በማሰሪያው ላይ ጠፍር ታስሮ ቀለበት ይደረግበታል፤ ገመዱም በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ የገመዱ አንድ ጫፍ ሲሳብ ሌላው ጫፍ በቀለበቱ ሾልኮ ይወርዳል። በዚህ አሠራር አንድ ገመድ ለብዙ ገደሎች ያገለግላል። ነገር ግን ገመዱ በቀለበቱ ሾልኮ በወረደባት ቅጽበት የቡድኑ አማራጭ ወደ አንድ ይጠብባል፤ እስከ መጨረሻው መውረድ።

በአሜሪካ የሸለቆዎች አስቸጋሪነት የሚገለጸው በተለመደ የደረጃ ሥርዓት ነው። ከ1 እስከ 4 ያለው ቁጥር ከተራ የእግር ጉዞ እስከ ከፍተኛ የገመድ ሙያ የሚጠይቀውን ይለያል፤ 3 ሲሆን ገመድ የግድ ያስፈልጋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ውሃውን ይገልጻል። የመጀመሪያው ፊደል፣ ኤ፣ ደረቅ ወይም ጥቂት ውሃ ያለውን፤ ቢ የረጋ ወይም ቀስ ብሎ የሚፈስስ ውሃ ያለውን፤ ሲ ደግሞ ኃይለኛ ፍሰት ያለውን ያመለክታል። በመጨረሻ የሚጻፈው የሮማውያን ቁጥር ጉዞው የሚወስደውን ጊዜ ያሳያል።

ሥርዓቱ ጠቃሚ ቢሆንም የሚገልጸው ሸለቆውን በመደበኛ ሁኔታው ነው። ኤ ተብሎ የተመዘገበ ሸለቆ ተፋሰሱ ላይ ዝናብ ከጣለ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሲ ሊለወጥ ይችላል። ደረጃው የተፋሰሱን ስፋት፣ የአለቱን ገላጣነት ወይም የማምለጫ ቦታዎችን ብዛት አይነግርም። ስለዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ተጓዡ ለገመዱ ያለው ብቃት በቂ መሆኑን እንጂ ቀኑ ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም።

4. ሦስት አጋጣሚዎች

4.1 አንቴሎፕ ሸለቆ፣ 1997

በሰሜን አሪዞና፣ በናቫሆ ሕዝብ ግዛት የሚገኘው የታችኛው አንቴሎፕ ሸለቆ የሚታለፈው በመሰላል እንጂ በገመድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1997 በሸለቆው ውስጥ የነበሩ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ጎርፍ ሞቱ። በሸለቆው አካባቢ የጣለው ዝናብ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጎርፉን ያመጣው ቀደም ብሎ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በላይኛው ተፋሰስ ላይ የወረደው የነጎድጓድ ዝናብ ነው። በሸለቆው ውስጥ የነበረ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት፣ የሚያየው ጠባብ የሰማይ ቁራጭ ስለ አደጋው የሚነግረው ነገር አልነበረውም። በወቅቱ የነበሩት የእንጨት መሰላሎች በጎርፉ ተወሰዱ። ከአደጋው በኋላ በአለቱ ላይ በቡሎን የታሰሩ መሰላሎች፣ የአየር ትንበያ የሚቀበል ሬዲዮና የማስጠንቀቂያ ጥሩምባ ተተከሉ።

4.2 ብሉ ጆን ሸለቆ፣ 2003

ሁለተኛው አጋጣሚ ከጎርፍ ጋር አይያያዝም፤ የዙር ጉዞን ባሕርይ ግን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2003 አሮን ራልስተን በዩታ የሚገኘውን ብሉ ጆን ሸለቆ ብቻውን ወርዶ፣ በሆርስሹ ሸለቆ በኩል ወደ መኪናው ለመመለስ አቅዶ ነበር። በጠባቡ ክፍል ውስጥ ሲወርድ የተቀረቀረ ቋጥኝ ተንሸራትቶ ቀኝ እጁን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም ነበር። ከ127 ሰዓት በኋላ የገዛ ክንዱን ቆርጦ ተላቀቀ፤ ቀጥሎም 20 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል በአንድ እጁ በገመድ ወረደ፤ በእግሩ ሲጓዝም መንገደኞች አግኝተውት በሄሊኮፕተር ተወሰደ።

ራልስተን ልምድ ያለው ተራራ ወጪ ነበር። የጎደለው ከውጭ ሆኖ ሰዓቱን የሚቆጥርለት ሰው ነው። ዙሩ በሁለት ሸለቆዎች የሚያልፍ ስለሆነ መኪናው መገኘቱ ብቻ እሱ የት እንዳለ አይጠቁምም። በአንጻሩ ጉዞውን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ፍለጋው በመጀመሪያው ምሽት ሊጀመር ይችል ነበር።

4.3 ኪሆል ሸለቆ፣ 2015

በዛየን ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ኪሆል ሸለቆ አጭር ነው፤ የገመድ መውረጃዎቹም ጥቂትና ዝቅተኛ በመሆናቸው ለጀማሪ የሚመች ተብሎ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ሰባት አባላት ያሉት ቡድን የመግቢያ ፈቃዱን ሲወስድ፣ የዕለቱ የደራሽ ጎርፍ ትንበያ ከአራት ደረጃዎች በሦስተኛው፣ «ሊከሰት የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ» በሚለው ላይ ነበር። ከቀኑ 8፡22 የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ፓርኩም ሸለቆዎቹን ዘጋ። ሆኖም ፈቃዱን ይዞ ከቢሮው ለራቀ ቡድን መዘጋቱን የሚነግርበት መንገድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ጣለ። በፓርኩ የሚያልፈው የቨርጂን ወንዝ ሰሜናዊ ገባር በ15 ደቂቃ ውስጥ በሰከንድ ከ1.6 ወደ 74 ሜትር ኩብ ገደማ አደገ። ሰባቱም ሰዎች ሞቱ።

5. ውይይት

ሦስቱን አጋጣሚዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ በአንዱም ውስጥ ገመድ አልተበጠሰም፤ ማሰሪያም አልተነቀለም። ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚያተኩርበት የገመድ ሙያ ሳይጎድል አደጋው ደርሷል። በአንቴሎፕ የጎደለው ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣ መረጃ፣ በብሉ ጆን ወደ ውጭ የሚሄድ መረጃ ነበር። በኪሆል ግን መረጃው ነበረ፤ ወደ እርምጃ አልተለወጠም።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል። የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚሠራው ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ሰው መመለስ የሚችል ከሆነ ነው። ገመዱን ለሳበ ቡድን ግን ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ እንኳ የዘገየ ነው። ስለዚህ በስንጥቅ ሸለቆ ጉዞ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው መረጃ ከመግባት በፊት ያለው ትንበያ ብቻ ነው፤ ትንበያ ደግሞ በባሕርይው እርግጠኛ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ትንበያው ከፍተኛ በሆነባቸው ብዙ ቀናት አንድ የተወሰነ ሸለቆ ሳይጥለቀለቅ ይውላል፤ በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቀን መቅረት ብዙ ጥሩ ቀናትን ማባከን ነው ሊባል ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ነገር ግን አደገኛነቱም ከዚሁ ይመነጫል። በእንዲህ ያለ ቀን ገብቶ በደኅና የወጣ ሰው የሚማረው ትምህርት ትንበያው የተጋነነ መሆኑን ነው። በሚቀጥለውም ጊዜ ይገባል። ልምዱ እየጨመረ ሲሄድ የሚያድገው በራስ መተማመኑ እንጂ የአደጋ ግምቱ ትክክለኛነት አይደለም። በሌላ በኩል የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ እኩል አይደለም፤ በከንቱ የቀረ ሰው አንድ ቀን ያጣል፤ በስሕተት የገባ ሰው ግን ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ቀን ላያገኝ ይችላል።

ፈቃድ ሰጪው አካል በእንዲህ ያሉ ቀናት ፈቃድ መከልከል ይኖርበታል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። የፓርኩ መርሕ ውሳኔው የተጓዡ ኃላፊነት ነው የሚል ነው። መርሑ የሚያስኬድ ቢሆንም አንድ ችግር አለው፤ ፈቃድ የሚለው ቃል ራሱ በተጓዡ አእምሮ ውስጥ ማረጋገጫ ሊመስል ይችላል። ቢያንስ ትንበያውን ማሳወቅ ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ከወጣ ሊነገራቸው እንደማይቻል ለተጓዦች በግልጽ ማስረዳት ይገባል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። «ደራሽ» የሚለው ቅጽል ውሃው ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የሚደርስ መሆኑን በውስጡ ይዟል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ውሃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት ደጋማ ቦታዎች ነበር። በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ዳር የሚኖር ነዋሪና በዩታ ስንጥቅ ውስጥ የቆመ ተጓዥ በኑሮ ፈጽሞ ይለያያሉ፤ አንዱ ለመዝናናት መርጦ ገብቷል፣ ሌላው ቤቱ ተኝቷል። የሚያስፈልጋቸው መረጃ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ እዚህ ያለው ሰማይ ሳይሆን የላይኛው ተፋሰስ ሁኔታ።

የጥናቱ ወሰን ሊጠቀስ ይገባል። ሦስቱም አጋጣሚዎች አደጋ የደረሰባቸው በመሆናቸው ከመግቢያው የተመለሱትን ወይም ገብተው በደኅና የወጡትን አያካትቱም። ስለዚህ የአደጋውን ዕድል በቁጥር ለመገመት አያገለግሉም፤ የሚያሳዩት አደጋው የሚያልፍበትን መንገድ ነው።

6. መደምደሚያ

የስንጥቅ ሸለቆ ጉዞ የውሳኔ ቦታ የመጀመሪያው የገመድ መውረጃ አናት ነው። ገመዱ ከመሳቡ በፊት ቡድኑ ሦስት ጥያቄዎችን በግልጽ መመለስ አለበት፦ ይህን ሸለቆ የሚሞላው ተፋሰስ እስከ የት ይደርሳል፣ ዛሬስ በዚያ ምን ይጠበቃል? የት እንደምንገባና በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለብን የሚያውቅ ሰው በውጭ አለን? በምን ሁኔታ እንደምንመለስ ትናንት ማታ፣ የሸለቆው ውበት ሳያጓጓን፣ ወስነናል? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልስ ከሌለ፣ ገመዱ ገና ማሰሪያው ላይ ሳለ መመለስ ይቻላል። ከተሳበ በኋላ ግን ጥያቄዎቹ ትክክል ቢሆኑም መልሳቸው የሚለውጠው ነገር አይኖርም።