ፀሐይ ማጥፊያ የላትም፦ የቤት ሶላርን ከመብራት መስመር ጋር ማገናኘት

ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር ፓነል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኃይል ያመነጫል። ዋናውን ብሬከር ብታወርዱም ከፓነሎቹ የሚወርደው ሽቦ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ተሸክሞ ይቆያል። የለመድነው የቤት መብራት ኤሲ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብሬከር ሲወርድ ብልጭታው ወዲያው ይሞታል። የፓነሉ ዲሲ ይህ ፋታ የለውም። ኃይል እየሄደበት ማገናኛው ቢነቀል፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚፈጠረው እሳት ሳይቋረጥ ይነዳል፤ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ከጣሪያው እንጨት ከደረሰም ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚቀድመው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ከቆጣሪውና ከዋናው ሳጥን ጋር የሚገናኘውን ክፍል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ የቤቱ ባለቤት ግን እያንዳንዱን ደረጃ አውቆ አጠገቡ ይቁም።

ደረጃ 1፦ ኢንቨርተሩን ምረጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ

ኢንቨርተር የፓነሉን ዲሲ ወደ ቤቱ ኤሲ የሚቀይረው ዕቃ ነው። ባትሪ የሌለው ግሪድ-ታይ (ከመብራት መስመሩ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ) ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ብትሆንም። እንዲህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ባይጠፋ ኖሮ፣ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ሲነካው፣ ከእናንተ ቤት የወጣ 220 ቮልት በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ወደ ኋላ አልፎ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ከባትሪ ጋር የሚሠራ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ግዙ፤ እሱ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ከውጭው መስመር ለይቶ ማብራቱን ይቀጥላል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ሳትጠይቁ ምንም ነገር ከመስመሩ ጋር አታገናኙ። ኃይል ወደ ውጭ ለመላክ የጽሑፍ ስምምነት ከሌላችሁ ኢንቨርተሩ ወደ መስመሩ ምንም እንዳይገፋ ተደርጎ መስተካከል አለበት። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች የወጣውንም ኃይል እንደገባ አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ በሰጣችሁት ላይ ትከፍላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቮልቱን ለብርድ አስሉ

ብዙ ኢንቨርተር የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ከፓነሉ ጀርባ ባለው ወረቀት ላይ ጭነት በሌለበት የሚሰጠው ቮልት ተጽፏል፤ 49.5 ነው እንበል። 10 ፓነል በተከታታይ ሲያያዝ 495 ቮልት ይሆናል። የኢንቨርተሩ ጣሪያ 500 ከሆነ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪው 0.27 በመቶ ቢሆን፣ በታኅሣሥ ውርጭ 5 ዲግሪ ላይ ጀንበር ስትወጣ 5.4 በመቶ ይጨምርና 522 ቮልት ይደርሳል። ኢንቨርተሩ ያን ጠዋት ይሞታል፤ ዋስትናውም አይሸፍነውም። በ9 ፓነል ግን በዚያው ብርድ 470 አካባቢ ስለሚሆን በሰላም ይሠራል።

አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ለሚኖር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃውን እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም፤ ኤሌክትሪክ እንዳይዘል የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ማኑዋሉ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ በሙሉ አቅሙ እንደሚሠራ ይናገራል። ሻጩን ከመጠየቅ ይልቅ ራሳችሁ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ ጣሪያው ላይ

ፓነሎቹን ወደ ደቡብ አዙራችሁ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሏቸው፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥብላችኋል። ቆርቆሮው በተበሳበት ሁሉ ጎማ ይግባ፣ የሚወጣውም ሰው በገመድ ይታሰር። የፓነሎቹ ፍሬምና የተቀመጡበት ብረት በሙሉ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከቤቱ ኧርዝ ጋር ይያያዝ።

ለዲሲው መስመር ለሶላር የተሠራ ድርብ ሽፋን ያለው ገመድ ግዙ፤ ተራው የቤት ሽቦ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል። ኤምሲ ፎር የሚባለውን ማገናኛ ወንዱንም ሴቱንም ከአንድ ፋብሪካ ውሰዱ። የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ ገጥሞ ቀጭ ቢልም ውስጡ በደንብ ስለማይነካካ ይግላል። የማገናኛውን ብረት በፒንሳ መጭመቅም ክልክል ነው፤ የራሱ መጭመቂያ አለው። ከተጨመቀ በኋላ አንድ የሽቦ ክር እንኳ ከብረቱ ውጭ መታየት የለበትም፣ ጠንከር አድርገው ሲጎትቱትም አይንቀሳቀስም። ፓነሎቹን ስታያይዙ አንዱን ማገናኛ ክፍት ተዉት፤ የሚገጠመው መጨረሻ ላይ ነው። ፓነሎቹን በወፍራም ሸራ ሸፍኖ መሥራት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ ግድግዳው ላይ

ኢንቨርተሩ በብሎኬት ወይም በድንጋይ ግድግዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ይሰቀል። ከፓነሉ በሚመጣው መስመር ላይ የዲሲ ማቋረጫ ያስፈልጋል፤ ለክረምቱ መብረቅም የሰርጅ መከላከያ ይጨመር። ሱቅ የሚሸጠውን የኤሲ ብሬከር ለዲሲ መጠቀም ቤትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። እውነተኛው የዲሲ ብሬከር እንኳ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ምልክት ካለው ተገልብጦ ሲገጠም እሳቱን አያጠፋም።

በኤሲው በኩል ኢንቨርተሩ ለብቻው ብሬከር ይኑረው። በሶኬት ሰክቶ ማገናኘት ፈጽሞ አይሞከርም። 5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 23 አምፔር ገደማ ነው፤ ሩቡን ስትጨምሩበት 28 ያልፋል፣ ስለዚህ 32 አምፔር ብሬከርና 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይስማማዋል። ጀነሬተር ያለው ቤት ደግሞ መቀያየሪያው ጀነሬተሩንና ኢንቨርተሩን በምንም መልኩ እንዳያገናኝ ይደረግ፤ ኢንቨርተር ጀነሬተሩን የመንግሥት መስመር መስሎት ኃይል ሊገፋበት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሳይበራ በፊት ለኩ

የካቻቢቴ ቴስተር ለዚህ አይሆንም፤ እስከ 1,000 ቮልት ዲሲ የሚችል መልቲሜትር ያስፈልጋል። የዲሲ ማቋረጫው እንደወረደ የመጨረሻውን ማገናኛ ግጠሙና ወደ ማቋረጫው የሚገባውን ቮልት ለኩ። በ9 ፓነል፣ ጣሪያው ሲሞቅ 415 አካባቢ ይነበባል። 370 ከሆነ አንድ ፓነል አልተያያዘም። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ሽቦው ተገልብጧል፤ እንዲህ ሆኖ ኢንቨርተሩ ውስጥ መግባት የለበትም። ቀጥሎ ፖዘቲቩን ከኧርዝ፣ ኔጋቲቩንም ከኧርዝ ጋር ለኩ። ሁለቱም ወደ ዜሮ መውረድ አለባቸው። አንዱ ላይ ቮልቱ ከቆመ የሆነ ቦታ ገመድ ተልጦ ብረት ነክቷል፤ ሳይገኝ ወደፊት አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ ማብራት፣ መፈተን፣ ማጥፋት

ኢንቨርተሩ ላይ ያለውን የአገር ምርጫ 50 ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ 60 የአሜሪካ ነው። ብዙዎቹ ማኑዋሎች መጀመሪያ ኤሲውን፣ ከዚያ ዲሲውን አብሩ ይላሉ፤ የእናንተው የሚለውን ተከተሉ። ኢንቨርተሩ መስመሩን ለጥቂት ደቂቃ ሲመረምር ይቆያል፤ አትነካኩት። ሥራ ሲጀምር ዋናውን ብሬከር አውርዱና ከኢንቨርተሩ ወደ ብሬከሩ በሚመጣው የኤሲ መስመር በኩል ለኩ፦ ከ2 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ቮልቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ዲሲውን አጥፉና ሻጩን ጥሩ። ፈተናውን ካለፈ ቆጣሪው ላይ በማይለቅ ቀለም «ይህ ቤት ሶላር አለው፤ ሁለት የኃይል ምንጭ» ብላችሁ ጻፉ።

ለማጥፋት ሁልጊዜ መጀመሪያ ኤሲው፣ ቀጥሎ የዲሲው ማቋረጫ ይወርዳል። ከዚያም ማኑዋሉ የሚያዘውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ፣ ጠብቁ፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪፈስ ድረስ ክዳኑ አይከፈትም። ማገናኛ መንቀል ካስፈለገም የሚነቀለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።