ሳንቲሙን መቼ እንተወው?

የአነስተኛ ድርጅት ሒሳብ ሲዘጋ የ1 ብር ልዩነት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ጊዜ መነሻው ማጠጋጋት ነው፤ ይኸውም ቁጥርን በቅርቡ ወዳለው ሙሉ ብር ማድረስ ማለት ነው። ከ50 ሳንቲም በታች ያለው ይተዋል፤ 50 ሳንቲምና ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሙሉ ብር ያድጋል።

ለኪራይ 12,400.40፣ ለመብራት 1,350.40፣ ለስልክ 820.40 ብር ወጣ እንበል። ድምሩ 14,571.20 ነው፤ ሲጠጋጋ 14,571 ይሆናል። እያንዳንዱን መጀመሪያ አጠጋግተው ቢደምሩ ግን 14,570 ያገኛሉ። ሦስቱም መስመሮች 40 ሳንቲም ስለጣሉ 1.20 ብር ከመንገድ ቀርቷል። ስለዚህ መዝገብዎን እስከ ሳንቲሙ ይያዙ፣ ከነሳንቲሙ ይደምሩ፤ የሚያጠጋጉት ውጤቱን መግለጫው ላይ ሲያሰፍሩ ብቻ ይሁን። ኤክሴል ላይ ሳንቲሙ እንዳይታይ ማድረግ ማጠጋጋት አይደለም፤ ከዓይን ቢሰወርም ድምሩ ውስጥ አለ።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ታክሱ ሳይጨመር 7.50 ብር የሚሸጥ እስክሪብቶ አለ እንበል። 15 በመቶው 1.125 ብር ነው፤ ደረሰኙ ላይ 1.13 ይሆናል። በነጠላ 1,000 እስክሪብቶ ሲሸጥ ከገዢዎች የተሰበሰበው ታክስ 1,130 ብር ነው። ከጠቅላላ ሽያጩ ካሰሉት ግን 1,125 ይመጣል። የተለያየ ዋጋ ቢሆን አንዱ ሲያንስ ሌላው እየበለጠ ይቻቻል ነበር፤ እዚህ ዋጋው አንድ ስለሆነ ግማሿ ሳንቲም ሁልጊዜ ወደ ላይ ትሄዳለች። 5 ብሩ ገዢው ታክስ ብሎ የከፈለው ነው፤ የድርጅቱ ገቢ አይደለም። ስለዚህ ታክሱን ከማስታወቅዎ በፊት ስሌትዎን ከካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርት ጋር ያስተያዩ።

ልዩነቱ የማጠጋጋት መሆኑ በምን ይታወቃል? አንድ መስመር ሲጠጋጋ ከ50 ሳንቲም በላይ አይዛነፍም፤ ድምሩም እንዲሁ። ሦስት መስመርና አንድ ድምር እንግዲህ ቢበዛ የ2 ብር ልዩነት ቢፈጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ሌላ ስሕተት አለ። ለ9 ያለቀሪ የሚካፈል ከሆነ ደግሞ አኃዝ ተገላብጦ ይሆናል፤ 1,350 ብለው ሊጽፉ 1,530 ቢጽፉ ልዩነቱ 180 ነው። እንዲህ ያለውን «የማጠጋጋት ልዩነት» በሚል መስመር አይዝጉት፤ ደረሰኞቹን አውጥተው ይፈልጉት።