ባለ ማብራሪያ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር አዘገጃጀት፦ የቁይ የርስት ጥናት እንደ ምሳሌ

የባለ ማብራሪያ ዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ዓላማ የተነበበውን መቍጠር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ለተያዘው ጥናት ያለውን የማስረጃነት ዋጋ መመዘን ነው።

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይ ዙሪያ የርስትን ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ፣ የአለን ሆበን የ1973 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ቀዳሚ ዋቢ ነው። ርስት በአባትም በእናትም የዘር ሐረግ እንደሚጠየቅ በስፋት ያሳያል። ይሁን እንጂ ርእሱ ስለ አማራ በጠቅላላው ቢናገርም፣ የመስክ ጥናቱ የተካሄደው በደጋ ዳሞት ነው። ማብራሪያው ይህን ካልመዘገበ፣ የደጋ ዳሞት ግኝት ሳይረጋገጥ የቁይ ታሪክ ሆኖ ይጻፋል።

የገብሩ ታረቀ የ1991 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያነሡትን ዐመፅ ይመረምራል። የሚጠቅመው ስለ ዘር ቈጠራ ሳይሆን፣ ገበሬው የመሬት ልኬታን ለርስቱ እንደ ሥጋት ማየቱን ለማስረዳት ነው።

ስለዚህ ማብራሪያው የጽሑፉን ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ ቦታና ዘመን፣ እንዲሁም ሳይመልስ የተወውን በአጭሩ ይይዛል። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በራሳቸው ስም ይጀምራል፤ አንዴ «ገብሩ»፣ አንዴ «ታረቀ» ተብሎ ከተመዘገበ አንዱ ደራሲ ሁለት ይመስላል። የዘመን አቈጣጠሩም ይለያል።

ማብራሪያዎቹ በጋራ ሳይመልሱ የተዉት ጥያቄ የጥናቱ መነሻ ይሆናል።