«መኪና እገዛለሁ» ለምትሉ እህቶች

ብዙዎቻችሁ «አገሬ ስገባ የልብስ ስፌት መኪና እገዛለሁ» ትላላችሁ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ልብስ ሰፊ ቤት ሁለት ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነጠላን እንይ። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ይሄ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። ሽማኔው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ወስዶ የሚሸጠው ደግሞ ነጋዴው። እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ ፈትለው የሚያገኙት ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም የሚሸጡት ማጉን እንጂ ነጠላውን አይደለም። ዋጋ የሚቆርጠው ከገዢ ጋር የሚገናኘው ሰው ነው።

ፋብሪካስ? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ የገጠር ልጆች ገቡበት። በ2011 ዓ.ም. አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ አወጣው። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ተቀንሶ ምን ይተርፋል? ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይለቁ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ የቀረጥ ነፃው ዕድል ቀረ፤ ጉዳቱም ለነዚሁ ልጆች ተረፈ። ፋብሪካ መጥፎ ነው አልልም፣ ለጀማሪ ሥራ ነው። ግን እዚያ አንዷ ኪስ፣ ሌላዋ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ትውላለች፤ ሙሉ ቀሚስ መቁረጥ ሳትለምድ ልትወጣ ትችላለች።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት መቁረጥ ተማሩ። የሚሰፋ ሰው ሞልቷል፤ ልክ ወስዳ ጨርቅ ሳታባክን የምትቆርጥ ግን ትፈለጋለች።

ሂሳቡን ደግሞ እንዲህ አስቡት (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። ደንበኛ ጨርቋን አመጣች፣ እናንተ ለቀሚሱ 400 ብር ጠየቃችሁ። ክር፣ ዚፕና ገበር 150 ወሰደ። «250 አተረፍኩ» እንዳትሉ! ኪራይና መብራት በቀን 200 ከሆነና በቀን ሁለት ቀሚስ ከሰፋችሁ፣ በያንዳንዱ ላይ 100 አለ። የቀራችሁ 150 ብር ነው፣ እሱም የግማሽ ቀን ጉልበታችሁ። ብዙ ሱቅ የሚዘጋው ይህችን 100 ብር ረስቶ ነው።

ለልምምድ አሮጌ አንሶላ ይበቃል። ማዳምን ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ሳትጠይቁ አታንሱ፣ በኋላ ሰረቀች እንዳይባል። የፊታችን እሑድ ሜትርና መቀስ ይዤ እመጣለሁ፣ ከጉርድ ቀሚስ እንጀምራለን። እረፍት የሌላችሁ ደግሞ ልካችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በጓደኛ ላኩልኝ፤ ንድፉን ሠርቼ እልክላችኋለሁ።