ከዓይኑ ጀምር

የምትቀባው ትንሽ የወታደር ምስል ጋሻው አምሯል። ካባው አምሯል። ቦት ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር እውነተኛ ይመስላል። ፊቱ ላይ ስትደርስ ግን ብሩሹን ታስቀምጣለህ። ለምን?

«እጄ ይንቀጠቀጣል» ትላለህ።

አዎ፣ ይንቀጠቀጣል! የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም። ጤነኛ እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል በስሱ ይርገበገባል። የቀዶ ጥገና ሐኪሙም እጅ፣ የሰዓት ጠጋኙም እጅ እንዲሁ ነው። እነሱ ግን ለእጃቸው ማረፊያ አበጅተውለታል። አንተስ ምን ያግድሃል?

ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚሠራ 28 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ሚኒየቸር ዓይኑ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አየር ላይ በተንጠለጠለ እጅ ይህን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ክርኖችህን ጠረጴዛው ላይ አስደግፍ። ምስሉን ቡሽ ወይም ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ አጣብቅና በአንድ እጅህ ያዘው። ከዚያ የሁለቱን እጆችህን አንጓ አገናኝ። አሁን አንዱ እጅ ሲነቃነቅ ሌላውም አብሮት ይነቃነቃል፤ በብሩሹና በፊቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ብዙም አይለወጥም። ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጣ። በዚያች ፋታ ንካ። ቡናውን ለኋላ አቆየው፤ ካፌይን እጅን የበለጠ ያንቀጠቅጣል።

አየህ? ተሰጥኦ ጎድሎህ አይደለም። አቀማመጥህን ብቻ ነው ያስተካከልከው።

ቀጥሎ አስተሳሰቡን እንቀይር። ብዙ ሰው ዓይንን ለመጨረሻ ያቆያል። ሁሉን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ አንዲት ጠብታ ድካሙን ሁሉ እንዳታበላሽበት ይሰጋል። ፍርሃቱ የመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። ገልብጠው! ፕራይመሩ (ከሁሉ በፊት የሚቀባው የመነሻ ቀለም) እንደደረቀ በቀጥታ ወደ ዓይኑ ሂድ። ቀለሙ ከመስመር ቢወጣ ምን ይበላሻል? ምንም! ቆዳው ገና አልተቀባም። በኋላ የፊቱን ቀለም ስትቀባ ከላይም ከታችም እያጠበብክ የተረፈውን ሁሉ ትሸፍነዋለህ። የዓይኑ ትክክለኛ ቅርጽ የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው። አክሪሊክ ቀለም ደግሞ ሳይደርቅ ከደረስክበት በእርጥብ ብሩሽ ይነሳል። ታዲያ ምን ትፈራለህ?

አሁን ተነስና መስታወት ፊት ቁም።

ዓይንህን እየው። ጥቁሩ ክፍል ሙሉ ክብ ሆኖ ይታይሃል? አይታይህም። የላይኛው ቆብ ጫፉን ሸፍኖታል፤ የታችኛው ደግሞ ከሥሩ ይነካዋል። ጥቁሩ ዙሪያውን በነጭ ተከቦ የሚታየው ሰው ሲደነግጥ ነው። ነጩ መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ጣል ያደረግህለት ጀግና እባብ እንደረገጠ ሰው የሚያፈጠው ለዚህ ነው። ነጥቧን ተዋት! ከላይኛው ቆብ እስከ ታችኛው የምትደርስ ቀጭን መስመር ቁልቁል ሳብ። በቃ። ሰውየው ወዲያው ይረጋጋል።

ከመስታወቱ አትራቅ፤ ገና ብዙ ያስተምርሃል። የዓይን ነጭ በእርግጥ ነጭ ነው? ጠጋ ብለህ እየው። በቆቡ ጥላ ሥር ስለሚውል ፈዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ከጠርሙስ የወጣ ንጹህ ነጭ አትጠቀም፤ ግራጫ ወይም ክሬም ጨምርበት። ከዚያ በፊት ግን የዓይኑን ጉድጓድ በሙሉ በጠቆረ ቡናማ ሙላው። ፈዛዛውን ነጭ ስትደርብ ጠርዙን በስሱ ተውለት። ያ የተረፈው ቡናማ ክር የሽፋሽፍቱን መስመር ይሠራልሃል። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህችን ሰዓት ነው፤ ፕላስቲኩ ድንገት መልሶ ያይሃል!

ሁለቱ ዓይኖች አልገጥም አሉህ? ፊት ለፊት እንዲያይ አታስገድደው፤ ትንሿ ስህተት እንኳ ሸውራራ ታደርገዋለች። ሁለቱንም መስመሮች ወደ አንድ ጎን አስጠጋና አንድ ነገር እንዲያይ አድርገው። ለእጅህ የማይመቸውን ዓይን አስቀድም፤ የሚመቸውን ከእሱ ጋር ማመሳሰል ይቀላል።

ስለ ብሩሽ ብዙ አልልም። ጥቂት ፀጉር ብቻ ያለውን ደቃቅ ብሩሽ አትግዛ። ቀለም ስለማይዝ ዓይኑ ጋ ሳይደርስ ይደርቅብሃል። የሚያስፈልግህ የሚሾል ጫፍና ቀለም የሚይዝ ሆድ ነው። የእንግሊዙ ኩባንያ ዊንዞር ኤንድ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1866 ለንግሥት ቪክቶሪያ የሠራው ሲሪስ 7 የተባለው ብሩሽ ዛሬም በሚኒየቸር ቀቢዎች ዘንድ የተከበረው በዚህ ነው፤ ቁጥር 0 ወይም 1 ይበቃሃል። እሱ ከሌለህስ? ጫፉ የሚሾል ማንኛውም ብሩሽ ይሠራል። ሰበብ አትፈልግ! ቀለሙን በውሃ አቅጥነው፤ ምስሉን ከመንካትህ በፊት አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ መስመር ሞክር። መስመሩ ሳይቆራረጥና ሳይፈስ ከወጣ ዝግጁ ነህ።

ኖቲንግሃም የሚገኘው የሚኒየቸር አምራች ጌምስ ወርክሾፕ ጎልደን ዴመን የተባለውን የሚኒየቸር ቅብ ውድድር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እዚያ ዋንጫ የሚያነሱት ሰዎችም አንድ ቀን የመጀመሪያውን ጠማማ ዓይን ቀብተዋል። የአንተን ለምን ታዘገያለህ?

ልምዱን ትንሽ አድርገው። በቀን አንድ ጥንድ ዓይን፣ ከዚያ በላይ አይደለም። በፕላስቲክ ምስሎች ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ትርፍ ጭንቅላቶች ይኖራሉ። አትጣላቸው! በአንድ ረድፍ ደርድራቸው፤ ፕራይመር ንፋባቸው፤ ማታ ማታ አንዱን አንሳ። ትናንት የሠራኸውን ከዛሬው አጠገብ አቁም። ቀጥሎ ከጦርህ የኋላ ረድፍ አንድ ተራ ወታደር ምረጥ። ከዚያ ሌላ። ጄኔራሉ ይጠብቅ፤ ተራው ሲደርስ እጅህ መንገዱን ያውቀዋል።