መሪ ገዝተህ አትሽቀዳደም

ልጄ፣ ከሥራ ስትገባ የሚያሳርፍህ የመኪና ጌም እንደምትፈልግ፣ መሪም ለመግዛት እንዳሰብክ ሰማሁ። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በከባድ መኪና ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የታሰረውን መሪ እይዛለሁ። ከሁለቱም የማውቀውን ልንገርህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠቅስ መሆኔን ያዝልኝ።

፩. ውድድር ያለበትን ጌም ለጊዜው ተወው። አንዲት ሰከንድ ለመቀነስ ያንኑ ኩርባ መቶ ጊዜ መመላለስ ለሚወደው ደስታ ነው፣ ለደከመው ግን ሁለተኛ ሥራ ነው። ስትመርጥ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ቀስ ብዬ ብነዳ ጌሙ ይቀጣኛል ወይስ መንገዱን ያሳየኛል? የሚቀጣህ ከሆነ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር አያሳርፍህም።

፪. ከጭነት መኪና ጀምር። «የቤት መኪና እያለ?» ትለኝ ይሆናል። የቼኩ ኤስሲኤስ ሶፍትዌር በ2012 «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2»ን፣ በ2016 ደግሞ «አሜሪካን ትራክ ሲሙሌተር»ን አወጣ፤ እስከ ዛሬም አዲስ አገርና አዲስ መንገድ እየጨመረባቸው ነው። በእነዚህ ጌሞች የሚሽቀዳደምህ የለም። ጭነት ትረከባለህ፣ ተሳቢህን ትቀጥላለህ፣ ፍሬቻ አሳይተህ ትወጣለህ፣ ነዳጅ ትቀዳለህ፣ ሲደክምህ ዳር ይዘህ ትተኛለህ። የጭነቱ ክብደት ራሱ ያረጋጋሃል፤ ከባድ ተሳቢ እየጎተተ የሚቸኩል ሰው ኩርባው ላይ ይገለበጣል። አውሮፓ ውስጥ ከባድ መኪና በ90 ኪሎ ሜትር ይገደባል፣ ጌሙም ይህን ገደብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አታንሳው።

ሥዕሉ እውነተኛ ይምሰል እንጂ መንገዱ ታጥፏል። በአውሮፓው ካርታ ልኬቱ 1 ለ19 ስለሆነ 380 ኪሎ ሜትሩ 20 ይሆንልሃል፤ የጌሙ ሰዓትም ለዚያው ያህል ይሮጣል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ እራት እስኪደርስ ድረስ ከፕራግ ቪየና መግባት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የራስህን ሙዚቃም ማስገባት ስለሚቻል ቪየናን በጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ታየዋለህ፤ ይህንን ማንም አይከለክልህም።

መጨረሻ ላይ ተሳቢውን ወደኋላ አስገብተህ ማቆም አለብህ። መጀመሪያ ያበሳጭሃል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል። ጌሙ ይህን ዝለለው ብሎ ይጋብዝሃል፣ ሲደክምህ ዝለል። ደህና በሆንክ ቀን ግን ስፖኪዮውን ብቻ እያየህ ሞክረው፤ ከጠቅላላው ጌም እኔ የምወደው እሱን ነው።

፫. መሪውን ሳታስተካክል ጌሙን አትማ። ብዙ ሰው «ይንቀጠቀጣል፣ አይታዘዝም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ላይ የመሪውን ዙር 900 ዲግሪ አድርግ፣ ጌሙ ውስጥም ያንኑ ስጥ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እጅህና በሥዕሉ ላይ ያለው መሪ ይጣላሉ። ቀጥሎ ፎርስ ፊድባኩን ተመልከት፣ መሪው ውስጥ ያለው ሞተር እጅህን የሚገፋበትን ኃይል ማለት ነው። አዲስ ገዢ ሁሉ እስከ ጥግ ይጨምረዋል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ሞተሩ ጣሪያው ላይ ይደርስና ትንሹንም ትልቁንም ጉድጓድ አንድ ዓይነት አድርጎ ያሰማሃል። መካከል ላይ ጀምርና ጎማው ሲንሸራተት መሪው ሲቀልልህ እስክትለየው ድረስ አስተካክል።

፬. የቤት መኪና ካማረህ ግን የጣሊያኑ ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ በ2014 የጨረሰው «አሴቶ ኮርሳ» አለልህ። አዎ፣ የውድድር ጌም ነው፤ የመጀመሪያውን ምክሬን ያፈረስኩ አይምሰልህ። ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ አጥፍተህ መንገዱን ባዶ ማድረግ ትችላለህ። ጀርመን ያለው የኑርበርግሪንግ ኖርድሽላይፈ 20.8 ኪሎ ሜትር በደን መካከል ይጠማዘዛል፤ ትንሿን ፊያት አባርዝ 500 ይዘህ በሦስተኛ ማርሽ ዙረው፣ ማንም «ፍጠን» አይልህም። ከዚያ ሌላ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸው ተጨማሪ መንገዶች አሉ። የቶኪዮን የከተማ ፈጣን መንገድ የሚያሳየው «ሹቶኮ ሪቫይቫል ፕሮጀክት» ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ሌሊት፣ ከሌሎች መኪኖች ጋር፣ ያለ ውድድር ትነዳበታለህ። መሪው የሚነግርህ ነገር ከጭነት መኪናው ይበልጥ የጠራ ነው። ፋይሎቹ ግን ከባድ ናቸው፤ ኢንተርኔትህ ደካማ ከሆነ ማታ አስጀምረህ ተኛ።

፭. «ቢምኤንጂ ድራይቭ» የሚባለውን ሰው የሚያውቀው በግጭቱ ነው፣ ቆርቆሮው እንደ እውነቱ ስለሚጨማደድ። እኔ የምወደው በሌላ ነው፦ ፍሪሲዮን በትክክል ካልለቀቅክ ሞተሩ ይጠፋብሃል፣ የፒስታ መንገድ ሲነዝርህ በእጅህ ይሰማሃል። የጣሊያን ካርታውን መርጠህ አሮጌ መኪና ይዘህ ተዘዋወር። ኮምፒውተርህ ካረጀ ሌሎቹን መኪኖች ቀንስ፣ አለዚያ ይንቀረፈፋል።

፮. በስም ብዛት አትግዛ። «ፎርዛ ሆራይዘን 5» ሜክሲኮን በሚያምር ሥዕል ያሳያል፣ መሪም ይቀበላል፤ ግን የተሠራው በእጅ ለሚያዝ መቆጣጠሪያ ነው፣ መሪ ይዘህ ያንን ወዲያው ትለየዋለህ። «ግራን ቱሪስሞ 7» ከመሪ ጋር ሸጋ ነው፤ የምትነዳው ግን በውድድር መም ላይ ብቻ ነው።

፯. መሪውን ስትመርጥ ዋጋውን ከማየትህ በፊት ዙሩን እይ። 270 ዲግሪ ብቻ የሚዞር፣ ሞተር የሌለው አዲስ መሪ ከምትገዛ 900 ዲግሪ የሚዞር ያገለገለ ግዛ። በጥቂት ዙር ከባድ መኪና ማዞር እጅን ያስጨንቃል፣ መኪናዋም ከመስመር መስመር ትወራጫለች። ሎጂቴክ ጂ29 ለፕሌይስቴሽንና ለኮምፒውተር፣ ጂ920 ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ነው፤ ሁለቱም ሦስት ፔዳል አላቸው፣ የማርሹ ዘንግ ግን ለብቻው ይሸጣል። አሮጌው ጂ27 በኮምፒውተር ይሠራል፣ ፕሌይስቴሽን 4 ግን አይቀበለውም፤ ርካሽ አገኘሁ ብለህ እንዳትታለል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣልህ ከሆነ የኤሌክትሪክ አስማሚው ላይ እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳታረጋግጥ ሶኬት ላይ አትሰካው።

፰. መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ከሆነ «ሲቲ ካር ድራይቪንግ» የሚባል አለ፤ ደረቅ ነው፣ ግን መስመር ስትስት ይቆጣሃል፣ ፍሬቻ ስትረሳ ይመዘግብብሃል። ስፖኪዮ የማየትና ማርሽ የመቀየር ልማድ ይሰጥሃል። የፔዳሉ ስፕሪንግ ግን ከእውነተኛ ፍሪሲዮን ጋር አንድ አይደለም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ፍሬን ላይ ተኝተህ ሳይሆን ገና ከላይ ማርሹን ቀንሰህ በሞተሩ መያዝ እንዳለብህ ጌም ሊያስታውስህ ይችላል፤ ፍሬኑ ሲግል የሚመጣው ሽታ ግን አይሸትህም።

፱. ወንበርህ ጎማ ካለው ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ወደኋላ ይሸሻል። ጎማዎቹን አሮጌ ጫማ ውስጥ ክተት፣ ፔዳሉንም ከግድግዳ ጋር አስጠጋ። ካዞረህ የእይታውን ስፋት አስተካክልና ቆም በል፤ እየታገልክ አትቀጥል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ደግሞ የሁለቱ የጭነት መኪና ጌሞች ነጻ የሙከራ ቅጂ ስላለ እሱን ጫንና ጓደኛህ ቤት ባለው መሪ ሁለት ምሽት ንዳበት። ከዚያ ደውልልኝና ስለ ወንበሩ እንነጋገራለን።